የጉጉት ልጆችን ፎቶ ላነሣ ቡታጅራ የሄድኩ ጊዜ

ከቡታጅራ ከተመለስኩ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው፤ ነጠላዬን ሳራግፍ ግን እስከ ዛሬ አቧራው ይቦናል፣ እኔም አስነጥሳለሁ። የክፍሌ ልጆች «እስቲ አውሪልን» ሲሉኝ ከመሀል ጀምሬ፣ ወደ መጨረሻው ዘልዬ፣ መነሻውን ረስቼው ስላስቸገርኳቸው በቀን በቀኑ ልጽፈው ተቀመጥኩ። እናንተ ከኮልፌ ወዲያ ያላችሁትን አገር የማታውቁ፣ አትፈሩ። እኔም ከዚህ በፊት የማውቀው ሩቅ አገር ደብረ ዘይት ነበር፤ እሱም ሐይቁን አይቶ ወደ ቤት ነው።

ነገሩን ያመጣው አፌ ነው። የሳይንስ መምህራችን ለትምህርት ቤቱ ኤግዚቢሽን እያንዳንዳችን ስለ አንድ ወፍ እንድናዘጋጅ አዘዙ። አንዱ እርግብ አለ፣ አንዱ ቁራ አለ፣ አንዷ ጭልፊት አለች። እኔ ተነሥቼ «ጉጉት! ያውም ልጆቿ ከጎጇቸው ሲወጡ፣ በፎቶ!» አልኩ። ምን እንደገባብኝ አላውቅም። ከኋላዬ የምትቀመጠው ምሕረት «ጉጉት ደግሞ ለፎቶ ትቀመጥልሻለች? ጠጉሯን አበጥሪያት እንግዲህ!» ስትል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ግን ሳይስቁ ስሜን ጻፉ፤ ከጎኑም «ጉጉት» ብለው ሁለት ጊዜ አሰመሩበት። ከዚያ ወዲያ ማፈግፈግ የለም።

ያዳኑኝ አባባ ነስሩ ናቸው። መርካቶ ግድግዳ የምንጋራቸው የበርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ ከአባቴ ጋር ወንድማማች ማለት ናቸው። ጭንቀቴን ሲሰሙ ሳቁና «ቡታጅራ የታናሽ ወንድሜ የአብዶ የበርበሬ ጎጆ ውስጥ አንዲት ጉጉት ወልዳለች። ፊቷ ሰሃን ያህላል፣ ነጭ ነው። አይጥ ስለምትጨርስለት አይነካትም። ልጆቿ ለመብረር ደርሰዋል አሉ» አሉኝ። ትምህርት ቤት ለገና እንደተዘጋ ነበር። ፎቶ ቤት ያለው አጎቴ ባለ ሁለት ዓይን ካሜራውን አንገቴ ላይ አጠለቀልኝና አንድ ፊልም ሰጠኝ። «አሥራ ሁለት ናት» አለኝ ጣቱን ቀስሮ። «አሥራ ሦስተኛ የላትም። ሳታስቢ ጠቅ እንዳታደርጊ።»

እኔም በሥነ ሥርዓት ለአቶ አብዶ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሌላውን ሰላምታ ትቼ ዋናውን ልጥቀሰው፤ «የጉጉት ልጆች ከቤት ሲወጡ ፎቶ ለማንሣት በታላቅ ጉጉት እመጣለሁ» ይላል። አንዱ ጉጉት ወፏ፣ አንዱ ጉጉት የልቤ! ሲጻፍም ሲነገርም አንድ፣ ሲተረጎም ግን ሁለት። በዚህች ዓረፍተ ነገር እንዴት እንደኮራሁ! ለእናቴ ሦስት ጊዜ አነበብኩላት። አባባ ነስሩም ደብዳቤውን ለአንድ ሾፌር ሰጥተው ላኩት። ያችው ዓረፍተ ነገር ምን እንደምትጠነስስልኝ አላወቅሁም።

ሐሙስ

ገና ሳይነጋ ከሚወስዱኝ ከአባባ ነስሩ ጋር አውቶቡስ ተራ ደረስን። አንድ ረዳት «ወልቂጤ! ወልቂጤ!» እያለ ሻንጣዬን ከእጄ ነጥቆ ጣራ ላይ ወረወረው። እኔም ሻንጣዬ የሄደበት ልሂድ ብዬ ገብቼ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቶ አባባ ነስሩ ከሌላ አውቶቡስ መስኮት አንገታቸውን አውጥተው «ፀዳለ! አንቺ ፀዳለ! ያ ወልቂጤ ነው! የጉራጌ አገር መንገዱ አንድ ብቻ መሰለሽ?» ብለው ጮኹ። ሻንጣዬ እስኪወርድ የወልቂጤ ተሳፋሪ ሁሉ ምክር ሰጠ። አንዲት ሴትዮ ግን «ተዋት፣ ምን አለበት! ወልቂጤም አገር ነው፤ እኛው ተቀብለን እናስተናግዳታለን» አሉ። ከልባቸው ነበር። ብቀር ኖሮ ይሄ ማስታወሻ ስለ ሌላ ነገር ይሆን ነበር።

ዓለም ገናን ስናልፍ አስፋልቱ አለቀ፣ አቧራው ተቀበለን። ካሜራውን በነጠላዬ ጠቀለልኩት፤ ካሜራው ዳነ፣ ነጠላው ተሠዋ። አዋሽን ስንሻገር ተነሥቼ ቆምኩ፤ በጂኦግራፊ ደብተሬ ላይ በሰማያዊ ቀለም ስንት ጊዜ የሳልኩት ወንዝ ነዋ! በጥር ግን እንዲያው ቀጭን፣ የተኛ ነገር ነው። «የእኛ ሰፈር ቦይ ክረምት ላይ ይበልጠዋል» ስል ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ ዞረው «ልጄ፣ ወንዝን በበጋ አትሳደቢው፤ ክረምት ላይ ይሰማሻል» አሉኝ። ጢያ ላይ ያሉትን ትክል ድንጋዮች ሳንቆም አለፍናቸው። አውቶቡሳችን መቆም የመረጠው ምንም የሚታይ ነገር የሌለበት ሜዳ ላይ ነው፤ ጎማው ፈነዳ። ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥን። የማላውቃት ሴት ቆሎ በነጠላዬ ጫፍ ላይ ዘረገፈችልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ አውቶቡስ ሲበላሽ ሰው ይሳደባል፤ እዚህ ግን ሰው ይተዋወቃል። ጎማው ሲሞላ የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ስንተኛ ክፍል እንደሆንኩና ለምን እንደማልወፍር የማያውቅ ተሳፋሪ አልነበረም።

ቡታጅራ ስንገባ ዘቢዳር ተራራ በስተቀኛችን ቆሞ ነበር፤ ከእንጦጦ ይልቅ ቀረብ ብሎ የሚያይ ተራራ ነው። ገና ከመውረዳችን አንድ ወጣት ልብስ ሰፊ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ «መጣች! ባለ ፎቶዋ መጣች!» እያለ ሮጠ። ኸይሩ ይባላል። የከተማው ልብስ ሰፊ ብቻ አይደለም፤ አማርኛ ማንበብ ለማይችለው ገጠሬ ሁሉ ደብዳቤ አንባቢም እሱ ነው። የልብስ ስፌት መኪናውን ሸፍኖ፣ ከእኛ ጋር ጋሪ ላይ ወጣ። «ደብዳቤሽን ያነበብኩት እኔ ነኝ» አለኝ። «ስንት ሰው አስለቀስሽ መሰለሽ!»

በጉጉት የሚያለቅስ ሰው? አገሩ ይለያያል ብዬ አለፍኩት።

ጋሪው ወደ እንሴኖ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ሄዶ በእንሰት መሀል ታጠፈ። እንሰቱ ከቤት ጣራ ይበልጣል፤ ሙዝ መስሎኝ ፍሬውን ስፈልግ ኸይሩ ሳቀብኝ። ከዚያ ጀፎረ ከሚሉት ሰፊ የሣር ሜዳ ወጣን። ጀፎረ ከቤቶቹ ፊት ለፊት የሚዘረጋ ነው፤ መንገድም፣ ግቢም፣ የሠርግም የለቅሶም ቦታ ነው። እኛ ሰፈር ሁለት አህያ ጎን ለጎን አያልፍም፤ ይሄኛው የትምህርት ቤታችንን ኳስ ሜዳ ያህላል። እዚያ ላይ አርባ የሚሆን ሰው የክት ልብሱን ለብሶ ተሰልፎ ቆሟል። ከሰልፉ ፊት፣ አበባ አበባ ያለበት አንድ ዓይነት ጨርቅ ከላይ እስከ ታች የለበሱ፣ አምስት ዓመት የሚሆናቸው ሁለት መንታ ወንዶች ልጆች አሉ። ቅባቱ ፊታቸው ላይ ያበራል።

ኸይሩ ከጋሪው ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋ። «የጉጉት ልጆች እነሆ!»

እኔ ቀና ብዬ ጣራውን አየሁ። «የታሉ?»

«እዚህ! ፊት ለፊትሽ!»

«እነዚህማ ልጆች ናቸው።»

«አዎና! የጉጉት ልጆች!» አለ ኸይሩ፣ በትዕግሥት፣ ለሰነፍ ተማሪ እንደሚያስረዳ መምህር። «እትዬ ዘይነባ አሥራ አንድ ዓመት በጉጉት ጠብቀው ያገኟቸው! ሀሰንና ሁሴን! አንቺው ራስሽ ጽፈሽ?»

አባባ ነስሩ ከአጠገቤ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አሉና ጢማቸውን ያዙ። እኔ እግሬ ጋሪው ላይ ቀረ። የመንታዎቹ እናት እትዬ ዘይነባ ግን መጥተው እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ምንም ሳይናገሩ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ ፈገግ አሉ። ኸይሩ «አላህ ያክብርሽ እያሉሽ ነው» ብሎ አስተረጎመ፤ ምንም ሳይሉ!

የቤቱ ጌታ ጋሼ አብዶ ላም ላሳያት ብለው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ላም አልነበረም። «ልጄ» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ፣ «ደብዳቤሽ ሲነበብ ገበያው ሁሉ ቆሟል፣ ሚስቴም ቆማለች። እኔ ጉጉቷን ከሚስቴ ደብቄያታለሁ። እንዲህ ተጨንቀን ባገኘናቸው ልጆች ቤት ጉጉት ትጮኻለች ብትባል አንድ ቀን አታሳድራትም። ማታ ማታ ኻ... ኻ... ሲል 'ነፋስ ነው' እላታለሁ። ከኸይሩ አፍ 'የጉጉት' ስትወጣ ነፍሴ አብራ ወጣች። 'የአሥራ አንድ ዓመት ጉጉት ልጆች ማለቷ ነው' ሲል ደግሞ ተመለሰች። 'አዎ! አዎ! እሱን ማለቷ ነው!' አልኩ። ሌላ ምን ልበል?»

ነገሩ እንግዲህ እንዲህ ነው። እውነቱን ብናገር፣ አሥራ አንድ ዓመት የጠበቁ እናት «የመጣሁት ለልጆችሽ አይደለም፣ ለወፍ ነው» ሊባሉ ነው፤ ጉጉቶቹም መብረር ሳይችሉ በዱላ ሊባረሩ ነው። ዝም ብል ደግሞ አሥራ ሁለቷ ፎቶዬ በአርባ ሰው ተበልታ፣ እኔ ባዶ እጄን ምሕረት ፊት ልቆም ነው። ጋሼ አብዶን «ስንት ናቸው?» አልኳቸው። «ልጆቼ?» «ጉጉቶቹ!» «ሦስት። አንዱ ትናንት ጫፍ ላይ ቆሞ ክንፉን ሲያራግብ ነበር።»

ዝም ለማለት ወሰንኩ።

ማታ ቆጮ በአይብና በጎመን ቀረበልኝ። በእንጀራ ያደገ እጅ ቆጮ መቁረስ አያውቅበትም፤ እንጀራ ይታዘዛል፣ ቆጮ ግን ይከራከራል። ሀሰን እያየኝ ቆይቶ አንዱን ቆርሶ፣ ጎመን ጨምሮበት፣ አፌ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ወዲያ ያጎረሰኝ እሱ ነው። የተኛሁት ቤተሰቡ በሚያድርበት ትልቅ ጎጆ ውስጥ ነው፤ ከብቶቹ በወዲያኛው በኩል ይተነፍሳሉ። ቤታችን የጎረቤት ራዲዮ ካልጮኸ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር፤ እዚህ ላሚቱ ተካችው።

ዓርብ

ጠዋት ሥራ ጀመርኩ። በዚህ ካሜራ ሰውን የምታዩት አጎንብሳችሁ ከላይ ባለው መስታወት ነው፤ መስታወቱ ግን ግራን ቀኝ፣ ቀኝን ግራ ያደርጋል። ሁሴን ሌንሶቹን በጣቱ ነክቶ ጠየቀ፤ ኸይሩ «አንዱ ዓይን ለሀሰን፣ አንዱ ዓይን ለሁሴን ነው ወይ ይላል» አለኝ። «አዎ» አልኩ። ከዚያ ወዲያ የየራሳቸውን ዓይን እያዩ ስለቆሙ አንዱም ፎቶ ላይ ቀጥ ብለው አያዩም።

መንታዎቹን ብቻቸውን አነሣሁ። ከአባታቸው ጋር አነሣሁ። ከአባባ ነስሩ ጋር አነሣሁ። ኸይሩ «ልብሱን የሰፋሁት እኔ፣ ደብዳቤውን ያነበብኩት እኔ» ብሎ መሀል ገባ። ከዚያ አርባው ሰው በሙሉ በአንድ ፎቶ ይግባ ተባለ። እንዲገቡልኝ ወደ ኋላ ስሄድ፣ ስሄድ፣ እንሰት ውስጥ ገብቼ ወደቅሁ፤ ካሜራውን ከፍ አድርጌ በጀርባዬ ነው የወደቅሁት፤ አጎቴ ቢያይ ይኮራብኝ ነበር። እትዬ ዘይነባ ግን አንዱም ውስጥ የሉም። ልጆቹ እንዳይሮጡ ከኋላ ልብሳቸውን ጨብጠው ይይዛሉ፣ እኔ «ተዘጋጁ!» ስል ጎንበስ ብለው ይሸሻሉ። ባላቸውም፣ ኸይሩም፣ እኔም ልብ ያልነው የለም። አንዱ ፎቶ ላይ እጃቸው ብቻ አለ፤ የሁሴንን ቀሚስ የጨበጠ እጅ።

ስድስተኛዋን አውራ ዶሮ በላት። የዶሮው ታሪክ እንዲህ ነው፤ እኔ የክርስቲያን ልጅ ስለሆንኩ የእነሱን እርድ እንደማልበላ አስበው፣ ጋሼ አብዶ ክርስቲያኑን ጎረቤታቸውን አቶ ወልዴን ቢላዋ አስይዘው አስጠርተዋል። አቶ ወልዴ መጡ፣ ዶሮውን ያዙ፣ ቢስሚላህ ሳይሆን በስመ አብ ሊሉ ቀና ሲሉ እኔን አዩና «ቆይ፣ ዛሬ ዓርብ አይደለም እንዴ?» አሉ። ጾም! ክርስቲያኑም ረስቶት፣ እስላሙም ረስቶት፣ እኔም ረስቼው! ዶሮው የአንድ ቀን ምሕረት አገኘና ከአቶ ወልዴ እጅ አምልጦ በሌንሱ ፊት በረረ። እኔም ደንግጬ ጠቅ።

ወንዶቹ ለጁምዓ ሲሄዱ «በርበሬ ማየት እፈልጋለሁ» ብዬ ጋሼ አብዶ ቁልፉን በድብቅ የሰጡኝን ጎጆ ከፈትኩ። ውስጡ እስከ ወገቤ በርበሬ ነው፤ የደረቀ፣ ቀይ፣ የሚንኮሻኮሽ። ከላይ አግዳሚው እንጨት ላይ፣ ኻ... ኻ... የሚል ድምፅ፤ ልክ የእኛ ቤት የላምባ ፕሪመስ ሲለኮስ። ቀና ስል ሦስት ፊት።

እንዴት ልንገራችሁ! ሦስት ነጫጭ ፊት፣ የልብ ቅርጽ ያላቸው፣ እንደ ቅዳሴ አስቀዳሽ አሮጊቶች ነጠላ ተከናንበው። አንገታቸው ላይ ገና ጥጥ የመሰለ ለስላሳ ጠጉር ቀርቷል። እኔን ለማየት ጭንቅላታቸውን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ክብ አድርገው ያዞራሉ፤ ሦስቱም አንድ ላይ። «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» የሚሉ ነው የሚመስለው። ካሜራውን አነጣጠርኩ፤ ትንፋሼን ያዝኩ፤ ጠቅ ላደርግ ስል፣

«ሀፕ... ሽሶ!»

የበርበሬው ብናኝ ነዋ! ከውጭ የሴቶች ድምፅ «ይማርሽ!» አለ። ፊልሙን አዙሬ ደገምኩ። «ሀፕሽሶ!» «ይማርሽ!» ሁለት ፎቶ በሁለት ማስነጠስ ሄደ። ጉጉቶቹም በያንዳንዱ ማስነጠስ ጎንበስ ይላሉ፤ «ይማርሽ» ያሉ እነሱም ይመስላሉ። እያለቀስኩ ስወጣ እትዬ ዘይነባ በር ላይ ቆመው ነበር። ዓይኔ ቀልቷል፣ አፍንጫዬ ይፈሳል። አዩኝ፣ ወደ ጎጆው አዩ፣ ውኃ ቀድተው ፊቴን አጠቡኝ። ኸይሩ ከጁምዓ ሲመለስ ነገሩን ሰማና «ከተሜ ስትባል በርበሬ ትወዳለች!» ብሎ ለአገሩ አወራ። ከዚያ የመጣ ሰው ሁሉ በእፍኝ በርበሬ እየያዘ ይመጣልኝ ጀመር።

ቅዳሜ

አርፍጄ ነቃሁ። ጋሼ አብዶ በሩ ላይ ተቀምጠው፣ መርዶ እንደሚያረዱ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሁለቱ ሌሊት ሄደዋል» አሉኝ። ሦስተኛው ግን አለ፤ የመጨረሻው፣ ትንሹ። ነጠላዬን አፌና አፍንጫዬ ላይ አሥሬ ገባሁ። ትንሹ በእንጨቱ ላይ ወዲህ ወዲያ ይሄዳል። መስታወቱ ደግሞ ይገለብጠዋል፤ ወደ ግራ ሲሄድ ወደ ቀኝ እከተላለሁ። ዘጠነኛዋ እንጨቱን ብቻ አነሣች። አሥረኛዋ ጅራቱን። አሥራ አንደኛዋን እግሬ በርበሬው ውስጥ ሰምጦ ስወድቅ ጣቴ በራሱ ፈቃድ አነሣት፤ ምን እንዳነሣች ያን ጊዜ አላወቅሁም።

አንድ ቀረች።

ከሰዓት በኋላ ጎጆው በር ላይ፣ ውጭ፣ ካሜራውን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ትንሹ በበሩ በላይ ካለው ክፍተት ብቅ ብሎ ተቀምጧል። ሲዘልል አነሣዋለሁ፤ አለቀ። ጋሼ አብዶ አጠገቤ ዘብ ቆመዋል፤ ሚስታቸው ከመጡ ሊያስሉ ተስማምተናል። ጀርባዬ ደነዘዘ። ፀሐይ ወደ ዘቢዳር አዘቀዘቀች። ምሕረት በዓይኔ መጣች፤ «ጠጉሯን አበጠርሻት?» ስትል።

ጋሼ አብዶ ሳሉ።

እትዬ ዘይነባ በአንድ እጃቸው ሳህን ይዘው፣ ሀሰንና ሁሴን ከኋላቸው ተከትለው መጡ። ሳህኑ ላይ ዶሮው ነው፤ ምሕረቱ አልቆ አቶ ወልዴ አርደውት፣ ሚስታቸው በቤታቸው ድስት ሠርተው የላኩልኝ። እኔ ካሜራውን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ጋሼ አብዶ እንደገና ሳሉ፤ አሁን ምን ያደርጋል!

እትዬ ዘይነባ ሳህኑን አጠገቤ አስቀመጡና፣ ሰምቼው በማላውቀው ጥርት ያለ አማርኛ፣ «አብዶ፣ ጉንፋን ከያዘህ ቤት ግባ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፦ «ትንሹ ገና አልወጣም?»

«እትዬ... አማርኛ ይችላሉ እንዴ?»

«ስንት ዓመት በርበሬ ለአዲስ አበባ ነጋዴ ስሸጥ በምን ቋንቋ የተከራከርኩ ይመስልሻል? ኸይሩ ማስተርጎም ደስ ይለዋል፤ ለምን ልከልክለው?»

«ጉጉቷንም... ያውቃሉ?» አሉ ጋሼ አብዶ፤ ተደናግጠው ሚስታቸውን አንቱ አሉ!

«ሁለት ወር ሙሉ ነፋስ ነው አልከኝ። ነፋስ አይጥ ይበላል? ነፋስ ኩስ ይጥላል?» አሉና ሳቃቸው መጣ። «እሷን እደብቃለሁ ብለህ ጎጆውን በየቀኑ ራስህ ትጠርግ ጀመር። አሥራ ስድስት ዓመት ስለምንህ መጥረጊያ ያልነካህ ሰው! እኔ ይህቺን ወፍ ላባርር?»

ሆዴን ይዤ ልስቅ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝና አልቻልኩም። «ታዲያ ደብዳቤዬም...»

«ሲነበብ ገባኝ።» ሀሰንን ጭናቸው ላይ አስጠጉት። ድምፃቸው ትንሽ ዝግ አለ። «ስለ ወፍ እንደሆነ ገባኝ። ግን ኸይሩ 'የጉጉት ልጆች' ብሎ ሲተረጉመው፣ ገበያው ሁሉ ወደ ልጆቼ ዞረ። እንዲህ ብሎ የጠራቸው ሰው አልነበረም። ፎቶ አንሡልኝ ብዬ ደግሞ እኔ ማንን ልለምን? ዝም አልኩ። ያንቺን ፎቶ በላሁብሽ፣ የኔ ልጅ።»

ያን ጊዜ ነው ፎቶዎቹ አንድ በአንድ የታወሱኝ። መንታዎቹ ብቻቸውን፣ ከአባት፣ ከአጎት፣ ከልብስ ሰፊ፣ ከአርባ ሰው፣ ከአውራ ዶሮ። ዶሮው እንኳ ፎቶ ተነሥቷል!

«እትዬ፣ እርስዎ አንዱም ላይ የሉም» አልኩ።

«አውቃለሁ» አሉ። «ልብሳቸውን ማን ይያዝልሽ?»

ይሄን ጊዜ ሁሴን በበሩ ቀዳዳ አፍንጫውን አስገብቶ ወደ ውስጥ ያሸት ነበር። በርበሬው አገኘው። ከዚያ ትንሽ ሰውነት እንዲያ ያለ ማስነጠስ ይወጣል ብዬ አልጠብቅም ነበር፤ ጎጆው ተንቀጠቀጠ። ትንሹ ጉጉት ደንግጦ ከክፍተቱ ተፈናጠረ።

አልበረረም መጀመሪያ፤ ወደቀ። ወደ እኛ ወደቀ። ከዚያ አየር ላይ፣ ከእናትና ከመንታዎቹ ራስ በላይ፣ ክንፉ እንዳለው ትዝ አለው። አንድ ድምፅ እንኳ የለም፤ እርግብ ስትነሣ ታጨበጭባለች፣ ይሄ ግን እንደ ነጠላ ነው። ካሜራውን አነሣሁ። በመስታወቱ ውስጥ ወፉን ስፈልግ፣ እንደ ልማዴ ወደተሳሳተው ወገን ሄጄ፣ ሦስት ፊት አገኘሁ። እትዬ ዘይነባ መሀል፣ ሀሰን በግራ፣ ሁሴን በቀኝ፣ አፍንጫው እንደፈሰሰ፤ ሦስቱም ቀና ብለው፣ አፋቸውን ከፍተው።

ወፉ ገና ጀፎረው ላይ ነበር። ሰፊ ነው ብያችኋለሁ፤ ካሜራውን ለማዞር ጊዜ ነበረኝ፣ ብርሃንም ነበረኝ። ይሄን የምጽፈው «አመለጠኝ» ብዬ እንዳልዋሽ ነው። አላመለጠኝም። ጠቅ አደረግሁ።

«አነሣሽው?» አሉ ጋሼ አብዶ።

«አነሣሁ» አልኩ። ከዚያ ዶሮውን በላሁ፤ ቀዝቅዞም እንዴት ይጣፍጥ ነበር!

እሑድ

ስመለስ ሻንጣዬ አልዘጋ አለ። በርበሬ ወዳድ ነኝ የተባለው ወሬ ሥራውን ሠርቷል፤ ግማሽ ጆንያ በርበሬ ተሸክሜ ነው የተሳፈርኩት። እንቢ ብል እወድ ነበር፣ ግን ምክንያቱን እንዴት ላስረዳ? ሀሰን ለመንገድ ብሎ አንድ ቁራሽ ቆጮ በእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ ኪሴ ውስጥ ከተተ። እትዬ ዘይነባ እስከ ጋሪው ሸኙኝ። ኸይሩ አጠገባችን ቆሞ ስለነበር በጉራግኛ አንድ ነገር አሉ። «በሰላም ግቢ፣ አላህ ይጠብቅሽ እያሉሽ ነው» ብሎ አስተረጎመልኝ። እትዬ ዘይነባ በስተኋላው ጠቀሱኝ።

አውቶቡሱ በየጉድጓዱ ሲዘልል ጆንያው ይቦናል፤ እስከ አዲስ አበባ ድረስ መላው ተሳፋሪ አስነጠሰ። «ይማርህ»፣ «ይማርሽ»፣ «የርሐሙከላህ» ሲባባል የማይተዋወቅ ሰው አልቀረም። አባባ ነስሩ ብቻ፣ የለመዱት ናቸው፣ እንቅልፋቸውን ለጥ ብለዋል።

ከተመለስኩ በኋላ

አጎቴ ፊልሙን አጥቦ ሲያወጣ እየሳቀ ነበር። በማስነጠስ ያነሣኋቸው ሁለቱ ፎቶዎች ላይ ጉጉቶቹ ዱቄት የፈሰሰበት ጨርቅ ይመስላሉ። ስወድቅ የተነሣችው አሥራ አንደኛዋ የራሴ ጉልበት ናት። «ይቺን የመጨረሻዋን ግን ማን ነው ያነሣት?» አለኝ። «እኔ» ስለው ካሜራውን ሳይሆን እኔን አየ። ትልቅ አድርጎ አተመልኝ፤ ሁለት።

በኤግዚቢሽኑ ቀን በእርግብና በቁራ መካከል ሰቀልኳት። ከሥሯ «የጉጉት ልጆች ከቤት ሲወጡ» ብዬ ጻፍኩ። ምሕረት ተጠግታ አየች፣ ራቅ ብላ አየች። «ጉጉቷ የታለች?» አለች። ይህን ጥያቄ ስንት ሌሊት ስፈራው ነበር! መልስ ሳልሰጣት ግን አንገቷ በቀስታ ተቃና፤ እንደ ፎቶው ሰዎች ወደ ላይ፣ የክፍላችንን ኮርኒስ አየች። መምህሩም መጡ፣ አነበቡ፣ እሳቸውም ኮርኒሱን አዩ። ያን ቀን ፎቶውን ያየ ሰው ሁሉ ቀና አለ። በእርግቧ ሥር ማንም ቀና አላለም።

ሁለተኛዋን በዚያው ሾፌር እጅ ቡታጅራ ላክኋት። መልሱ ትናንት ደረሰኝ፤ በኸይሩ ጽሕፈት ነው። እንዳለ ልገልብጠው፦

«ፎቶው ደርሶን ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። ሁላችንም ደኅና ነን። የመጣ እንግዳ ሁሉ 'ወደ ላይ ምንድን ነው የምታዩት?' ብሎ ይጠይቃል። እትዬ ዘይነባም 'ጉጉት' ብለው ይመልሳሉ። እውነታቸውን ነው፣ አሥራ አንድ ዓመት ቀላል አይደለም፤ እንግዳውም እንባውን ይጠርጋል። ጋሼ አብዶ ግን በዚህ ጊዜ ሁሉ ለምን ወደ ደጅ ወጥተው እንደሚስቁ እስካሁን አልገባኝም።»